ስለ ጠባብ ኩሬና ስለ ሰፊ አፍ ዓሣ

በሰሜን አሜሪካ ገጠር ጥቂት መሬት ገዝቶ ከቤቱ በታች ባለው ረባዳ ላይ ውኃ የገደበ ሰው፥ ኩሬው ገና ሳይሞላ የሚያነሣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም «ባስ ብጨምርበት ይስማማዋል ወይ?» የሚል ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የገበሬና የዓሣ አጥማጅ ጕዳይ እንጂ የፈላስፋ ወይም የመምህረ ሃይማኖት ጕዳይ አይመስልም፤ መልሱም በሜትርና በሚዛን ተለክቶ የሚያልቅ ይመስላል። ነገር ግን ጥቂት ቆም ብሎ ለመረመረው ሰው፥ ስለ ውኃው ስፋት የተጠየቀው ጥያቄ ወዲያው ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። ለአንድ ፍጥረት በሕይወት መቆየትና በምሉዕነት መኖር ልዩነታቸው ምንድር ነው? ፍጥረቱን ከሰፊው ውኃ አውጥቶ በጠባቡ ያኖረውስ ሰው ምን ዐይነት ዕዳ ገብቷል? እኔ እንደሚመስለኝ ይህ የኋለኛው ጥያቄ ከፊተኛው የከበደ ነው፤ እርሱ ሳይመለስም ፊተኛው አይመለስም።

ባስ የሚባለው ዓሣ፥ ከወገኖቹም መካከል አፈ ሰፊው፥ የተፈጥሮ ርስቱ ከታላላቆቹ የሰሜን ሐይቆች ጀምሮ በሚሲሲፒ ወንዝና በገባሮቹ በኩል እስከ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤና እስከ ፍሎሪዳ የሚደርሰው፥ ሞቅ ያለና ዝግ ብሎ የሚሄድ ውኃ ነው። ጀርባው ጥቁር አረንጓዴ፥ ጐኑ ከራስ እስከ ጅራት በተሳበ ጥቁር መስመር የተከፈለ፥ ሆዱ ነጣ ያለ ሲሆን፥ አፉን በዘጋ ጊዜ የላይኛው መንጋጋው ጫፍ ከዐይኑ አልፎ ወደ ኋላ ይደርሳል። ሲያድን ሩጫ አያበዛም። ከሰመጠ ግንድ ሥር ወይም ከቄጠማ ጥግ ተጠግቶ፥ የጐን ክንፎቹን ብቻ በዝግታ እያወዛወዘ ይቆይና፥ ትንሽ ዓሣ በፊቱ ባለፈ ጊዜ አፉን በቅጽበት ሲበረግደው ውኃው ራሱ ወደ ጕሮሮው ይጐርፋል፤ ታዳኙም ከውኃው ጋራ ተጠርጎ ይገባል። እንቍራሪት ቢሆን፥ የውኃ ሸርጣን ቢሆን፥ ከዳር የወደቀ አይጥ ቢሆን፥ የገዛ ወገኑ ግልገል ቢሆን፥ በአፉ የሚያልፍ እስከ ሆነ ድረስ አይመርጥም።

ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ ስለ ስድስቱ ዕለታት ፍጥረት ባስተማረው ድርሳን የዓሦችን ነገር ሲያነሣ ሁለት ነገር ያስተውላል። አንደኛው፥ ታላቁ ዓሣ ታናሹን ሲውጥ፥ እርሱም በተራው በሌላው ሲዋጥ ማየት፥ ድኻውን ለሚገፋ ባለጠጋ ተግሣጽ መሆኑን ነው፤ ይህን ሰባኪ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ይኸውም ዓሦች በየነገዳቸው የተመደበላቸውን ውኃ ጠብቀው፥ አጥርና ቅጥር ሳይሠራላቸው ወሰናቸውን አክብረው ሲኖሩ፥ የባልንጀራውን ወሰን የሚገፋ ሰው መሆኑን መግለጡ ነው። ሊቁ ይህን ባስተማረበት በአራተኛው መቶ ዓመት፥ ዓሣን በጋን ጭኖ ከአንዱ ክፍለ ዓለም ወደ ሌላው የሚያሻግር መንግሥት አልተነሣም ነበር። ዛሬ ግን ዓሣውን ወሰኑን የሚያሳልፈውም፥ አዲስ ወሰን የሚቈፍርለትም ሰው ነው። ስለዚህ ኩሬው የዓሣው ዕጣ ሳይሆን የባለቤቱ ሥራ ሆኖ ስለሚቈጠር፥ በውስጡ የሚሆነው ሁሉ ከባለቤቱ እጅ ይፈለጋል። ነቢዩ ዕንባቆም ጠባቂ ያጣውን ሕዝብ ከባሕር ዓሣ ጋራ አመሳስሎ አዝኗል፤ የኩሬ ዓሣ ግን ገዥ አለው፥ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አፈሩ በድርቅና በጐርፍ የተጠረገበትን የአሜሪካ ገበሬ ውኃ እንዲገድብ መንግሥት ሲያበረታታው፥ በ1935 የተቋቋመውም የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት በምክርና በገንዘብ ሲረዳው፥ በየእርሻው በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ኩሬ ተገደበ፤ በብዙዎቹም ውስጥ ባስና ብሉጊል የሚባለው ጠፍጣፋ ትንሽ ዓሣ፥ አንዱ አዳኝ ሌላው ታዳኝ ሆነው፥ አብረው ተጨመሩ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አንዳንዱ ኩሬ መልካም ዓሣ ሲሰጥ፥ ሌላው በተመሳሳይ አፈርና በተመሳሳይ ዝናብ ሥር ሆኖ ጣት የሚያህል ዓሣ ብቻ የታጨቀበት ሆነ። ምክንያቱን ለማወቅ በአላባማ ግዛት በኦበርን ኮሌጅ ያስተምር የነበረው፥ አስቀድሞም የነፍሳት ሊቅ የነበረው ሆመር ስዊንግል የመረጠው መንገድ ጨካኝ ቢመስልም እውነተኛ ነበር። ኩሬውን በሙሉ ያፈስሰው ነበር። ውኃው ከግድቡ ሥር ሲወርድ፥ ዓሦቹ በመጨረሻው ጭቃማ ጐድጓዳ ሲሰበሰቡ፥ ሠራተኞች በጭቃው ውስጥ እየገቡ የመጨረሻዋን ትንሽ ዓሣ ሳይቀር ለቅመው በየነገዱና በየቁመቱ ለይተው ይመዝኑ ነበር። በ1950 ባሳተመው ጥናት እንደ ገለጠው፥ አንድ ውኃ የሚሸከመው የዓሣ ክብደት እንደ ለምነቱ የተወሰነ ነው፤ ያ ክብደት ግን በጥቂት ትላልቆች ወይም በብዙ ትናንሾች ሊከፋፈል ይችላል፤ የተስተካከለውም ኩሬ በክብደት ለአንድ እጅ አዳኝ ከሦስት እስከ ስድስት እጅ ታዳኝ የሚገኝበት ነው። ሰውዬው የነገረ መለኮት መምህር አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ከጭቃው ያወጣው ነገር ስለ መጠንና ስለ ሥርዓት የተሰበኩ ብዙ ስብከቶች ሊሰጡ ያልቻሉትን ግልጽነት ይሰጣል።

ብዙ ሰው፥ የተማረውም ጭምር፥ ዓሣ በባሕርዩ ለመያዣው ልክ ያድጋል፥ በትንሽ ውኃ ቢያኖሩት ትንሽ ሆኖ ደስ ብሎት ይኖራል ብሎ ያምናል። ይህ እምነት የቆየው ለባለኩሬው ኅሊና የሚመች በመሆኑ ነው እንጂ እውነት በመሆኑ አይደለም። ዓሣ በሕይወት እስካለ ድረስ፥ እየዘገየም ቢሆን፥ ማደጉን የማይተው ፍጥረት ነው፤ ዕድገቱ ከቆመም ያቆመው የኩሬው ግድግዳ ሳይሆን የምግብ ማነስ፥ የመንጋው መጨናነቅና የውኃው መበላሸት ነው። ባስ አንድ ኪሎ ሥጋ ለመጨመር ዐሥር ኪሎ ያህል ታዳኝ መብላት እንደሚያስፈልገው የሚያውቁት ይገምታሉ። እንግዲህ በሩብ ኤከር፥ ማለት በ1,000 ካሬ ሜትር ውኃ ውስጥ መቶ ባስ ቢራባ፥ ይህ ሁሉ ምግብ ከየት ይመጣል? አይመጣም፤ ስለዚህም ሁሉም ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ባለው ቁመት ላይ ተሰልፈው ይቀራሉ።

እንዲህ ካለው ኩሬ አንዱን ዓሣ አውጥቶ በእጅ ላይ አጋድሞ ማየት ያስተምራል። ራሱ ለአካሉ ከመጠን በላይ ትልቅ ነው፥ ምክንያቱም ራሱ ሲያድግ ገላው አብሮት አላደገም፤ ሆዱ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ጀርባው ስለት ሆኗል። ከጆሮው ውስጥ የምትገኘውን ትንሽ ድንጋይ መሰል አጥንት አውጥተው በመካከሏ ሰብረው በማጕሊያ መነጽር ቢመለከቷት፥ ዓመታቱ እያንዳንዳቸው በቀለበት ተጽፈዋል፤ ሲቈጠሩም ስድስት ወይም ሰባት ሆነው ይገኛሉ። በሕፃን ቁመት ያለ ሽማግሌ ነው። ባለቤቱ ግን ይህን ስለማያይ፥ መንጠቆውን በጥንቃቄ ከከንፈሩ ነቅሎ «ይህስ ገና ልጅ ነው፥ ይደግ» ብሎ ወደ ውኃው ይመልሰዋል። የዚህን ዓሣ ትንሽነት በዐቅሙ የመኖር ትሕትና አድርጎ የሚተረጕም ሰው ቢኖር ነገሩን አላስተዋለም፤ ትሕትና ከፍ ማለት የሚችል በፈቃዱ ዝቅ ሲል ነው፥ ይህ ግን ረኀብ ነው።

ታዲያ ለጠባብ ኩሬ የሚጐድለው ምንድር ነው? ቦታ ነው እንዳንል፥ ባስ ሰፊ አገር የሚዞር ዓሣ አይደለም፤ ጥላና ምግብ ካገኘ ከአንድ ግንድ ሥር ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ጥቂት ባሶችም በጣም ትንሽ ኩሬ ውስጥ በቂ ታዳኝ እየተጨመረላቸው ሲወፍሩ ታይተዋል። እኔ የሚጐድለው ይቅርታ ነው እላለሁ። በሺሕ ሄክታር በሚለካ ሐይቅ ውስጥ አጥማጁ ቢያበዛ፥ አንድ የመራቢያ ወራት ቢከሽፍ፥ በአንዱ ሰርጥ ውኃው ቢበላሽ፥ የተረፈው ወገን ከሌላው ሰርጥ መጥቶ ጕድለቱን ይሞላል፤ ጥፋቱ በስፋቱ ውስጥ ይሰወራል። በሩብ ኤከር ኩሬ ውስጥ ግን ለአካለ መጠን የደረሰው ባስ ምናልባት ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ቢሆን ነው፤ አንድ ልጅ ዘንግ ይዞ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ቢውልበት አብዛኞቹን አውጥቶ ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ አዳኝ ያጣው ብሉጊል ይበዛል፥ ሲበዛም ይራባል፥ ሲራብም የቀሩትን ባሶች ጐጆ እየወረረ ዕንቍላላቸውን ይለቅማል፤ በሚመጣው ጸደይም አንድ የባስ ግልገል አይታይም። አንድም ባስ ባይወጣ ደግሞ አስቀድመን ያየነው የሽማግሌ ሕፃናት መንጋ ይሆናል። በሁለቱ ጥፋቶች መካከል ያለው መንገድ በትልቁ ውኃ ሰፊ ሲሆን በትንሹ ውኃ የእግር ጫፍ ብቻ የሚያስቆም ነው። የአሜሪካ የዓሣ ባለሙያዎች ባስና ብሉጊል አብረው እንዲኖሩበት ለሚፈለግ ኩሬ ቢያንስ ግማሽ ኤከር፥ ይልቁንም አንድ ኤከርና ከዚያ በላይ እንዲሆን የሚመክሩት ስለዚህ ነው።

የእስትንፋስ ነገርም ያው ነው። ሙቅ ውኃ የሚይዘው ኦክሲጅን ከቀዝቃዛው ያነሰ ነው፤ በኩሬው ውስጥ ያለው አረንጓዴ ሽበትም ቀን በፀሐይ ኦክሲጅን ሲሰጥ ይውልና ሌሊት ራሱ ተቀብሎ ይተነፍሰዋል። ሰማዩ ለጥቂት ቀን ደምኖ ነፋስም ሳይነፍስ የቀረ እንደ ሆነ፥ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 5 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ መሆን የሚገባው ኦክሲጅን ከ2 በታች ይወርዳል፤ ጎሕ ሲቀድም ዓሦቹ አፋቸውን ከውኃው ገጽ ላይ አውጥተው ሲያዛጉ ይገኛሉ። በዚህ ጊዜ አስቀድሞ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ ትልቁ ነው። ባለቤቱ ዓመታት ጠብቆ ያሳደገው፥ ለእንግዳ ሁሉ የሚያወራለት ዓሣ፥ ነጭ ሆዱን ሰጥቶ ሲንሳፈፍ፥ ጣት የሚያህሉት ተርፈው ይታያሉ። ጥልቅና ሰፊ ሐይቅ ቢሆን ኖሮ ዓሣው ወደ ተሻለው ውኃ ባፈገፈገ ነበር፤ እዚህ ግን ማፈግፈጊያ የለውም።

በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈውን ሥነ ፍጥረት ያነበበ ሰው፥ እግዚአብሔር ለፍጥረቱ የሰጠው የመጀመሪያው ቡራኬ ለሰው ሳይሆን በአምስተኛው ዕለት ለተፈጠሩት ለውኃ ፍጥረታትና ለአዕዋፍ የተሰጠው የመብዛት ቡራኬ መሆኑን ያስታውሳል። ያ ቡራኬ የተነገረው ግን ባሕርን ለመሙላት ነው። ባሕርን የሚያህል ቡራኬ በግንድና በድንጋይ በተገደበ የጓሮ ውኃ ውስጥ ሲወርድ ምን ይሆናል? በጸደይ፥ ውኃው ወደ 16 ወይም 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ፥ ወንዱ ባስ በጥልቀት ከአንድ ሜትር እምብዛም በማይበልጥ ቦታ ላይ በጅራቱ ጭቃውን ጠርጎ ክብ ጐጆ ያዘጋጃል፤ እንስቲቱ በሺሕ የሚቈጠር ዕንቍላል ጥላበት ትሄዳለች፤ አባት ምግብ እምብዛም ሳይቀምስ በክንፉ ንጹሕ ውኃ እያራገበላቸው፥ የቀረበውን ሁሉ እያባረረ ይጠብቃቸዋል፤ ተፈልፍለው እንደ ጥቁር ደመና ሆነው መዋኘት ሲጀምሩም ጥቂት ሳምንት ይከተላቸዋል። ከዚያ በኋላ ግን ትጋቱ ያበቃል፥ ረኀቡም ይመለሳል፤ የገዛ ልጁንም ከሌላው አይለይም። ይህ አባትነት ለወንዝና ለሐይቅ የተመጠነ ነው፤ በዚያ ከሺሑ ጥቂቱ ቢተርፍ ነው። በትንሹ ኩሬ ግን የአንድ ጐጆ ልጆች ብቻ ቢተርፉ ውኃውን ሁሉ ሞልተው አባታቸውን ጭምር ያስርቡታል። ስለዚህ በሰፊው ውኃ አንድ ሆነው የሚሄዱት ሁለት በረከቶች፥ የአካል ማደግና የዘር መብዛት፥ በጠባቡ ውኃ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ፤ ባለቤቱም ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል።

አንዳንዱ ባለኩሬ ይህን ዐውቆ እንስቶችን ብቻ ለይቶ ይጨምራል፤ እንስቲቱ ባስ ከወንዱ ይልቅ ትልቅ የምትሆን ስለ ሆነች፥ ዘርም ስለማይኖር፥ ጥቂቶቹ በምቾት ያድጋሉ። እንዲህ ያለውን ኩሬ ሳስብ የሴቶች ገዳም ትዝ ይለኛል፥ ፈገግታም ይመጣብኛል። ከዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል ጻድቁ እግራቸው እስኪሰበር ድረስ በጠባብ በአት ቆመው መጸለያቸውን ይተርካል፤ በጣና ደሴቶችም፥ ሴት በማይገባባት በደጋ እስጢፋኖስ ሳይቀር፥ መነኰሳት በጥቂት ምድር ላይ ዘመናቸውን ይፈጽማሉ፤ እንግዲያስ የቦታ ጥበት ለምሉዕ ኑሮ ዕንቅፋት አይሆንም የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፥ አይሆንም። ነገር ግን መነኵሴው በአቱን የመረጠው ራሱ ነው፥ መብዛትንም በፈቃዱ ትቷል፥ ከበአቱ ጥበትም የሚያወጣው የጸሎት መንገድ አለው። ባስ ግን አልማለም፥ አልመነነም፤ የመነኵሴውን ጥበት ተቀብሎ የመነኵሴውን ዋጋ አያገኝም። ስለዚህ ሰው ራሱን በጠባብ ማኖሩ ጽድቅ ሊሆን ቢችል እንኳ፥ ሌላውን ፍጥረት በጠባብ ማኖሩ ጽድቅ የሚሆንበትን መንገድ አላገኘሁም፤ ቢበዛ በተግባር የሚከፈል ዕዳ ነው።

የዕዳው አከፋፈል ደግሞ ብዙ ደግ ሰዎችን ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ1972 ሬይ ስኮት የተባለው የአላባማ ሰው፥ የባስ ማጥመድ ውድድር አዘጋጅ ሳለ፥ ተወዳዳሪዎቹ የያዙትን ዓሣ እንዳይገድሉ፥ ከተመዘነ በኋላ በሕይወቱ እንዲመልሱት የሚያሳስብ ዘመቻ ጀመረ። ብዙ አጥማጅ ለሚሰማራበት ለሕዝብ ሐይቅ ይህ ጥበብ ነበር፤ ብዙ ሐይቆችንም ጠቅሟል። ይህ ልማድ ከጊዜ በኋላ ሕግን አልፎ ወደ ግብረ ገብ ትእዛዝ ተለወጠ፤ ዓሣ የሚመልስ ሰው ርኅሩኅ፥ የሚበላ ሰው ስስታም መስሎ መታየት ጀመረ። በራሱ ትንሽ ኩሬ ዳር የቆመው ባለቤትም የያዘውን ሁሉ ይመልሳል፥ በመመለሱም ልቡ ይሞቃል። የባለሙያዎቹ ምክር ግን ባስ በተጨናነቀበት ኩሬ በየዓመቱ ከአንድ ኤከር ከ10 እስከ 15 ኪሎ የሚደርስ ትናንሽ ባስ እንዲወጣ ነው፤ ይህን የሚያህል ሞት ካልገባ የቀሩት አይበሉም። በትልቁ ሐይቅ ይህን ሥራ ጭልፊትና ትልልቅ አዳኝ ዓሣ፥ ክረምትና ድርቅ፥ ወንዝና ጐርፍ ተካፍለው ይሠሩታል፤ ሊቃውንታችን መግቦተ እግዚአብሔር የሚሉት ከማየት የራቀ አሠራር ነው። በኩሬው ይህ ሁሉ ሥራ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ሰውዬው መጋቢነቱን ሲወድድ መቍረጡን ይጠላል፤ ምግብ መበተኑን ይወድዳል፥ ቢላዋ ማንሣቱን ይሸሻል። እንዲህ ያለው ምሕረት ለአንዱ ዓሣ የሚደረግ መስሎ በዘጠና ዘጠኙ ላይ የሚፈረድ ረኀብ ነው፤ ይልቁንም ለዓሣው ሳይሆን ለራሱ ለባለቤቱ ልብ የሚደረግ ምሕረት ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ ላይ የሚጠቀስ አንድ ታሪክ አለ። በመዝገብ ላይ ከሰፈሩት ባሶች ሁሉ ታላቅ የተባለው፥ 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ፥ ማለት ከ10 ኪሎ ጥቂት የሚበልጠው፥ በጆርጅያ ግዛት እ.ኤ.አ. ሰኔ 2 ቀን 1932 ጆርጅ ፔሪ በሚባል ድኻ ወጣት ገበሬ ተያዘ፤ በ2009 በጃፓን በቢዋ ሐይቅ ማናቡ ኩሪታ እኩያውን እስኪይዝ ድረስም ተወዳዳሪ አልነበረውም። ፔሪ ያጠመደበት ሞንትጎመሪ ሐይቅ ታላቅ ሐይቅ አልነበረም፤ የኦክመልጊ ወንዝ መንገዱን ሲለውጥ ትቶት የሄደ የቀድሞ ጐድጓዳ ነበር። ትንሽ ውኃ ታላቅ ዓሣ ያሳድጋል ለሚል ሰው ይህ ምስክር ይመስለዋል፤ ነገር ግን ወንዙ ሲሞላ ወደ ቀድሞ መኝታው ይመለስ፥ ምግብና አዲስ ውኃም ይዞ ይገባ ነበርና፥ ያ ጐድጓዳ ትንሽ ቢሆንም የተዘጋ አልነበረም። ዓሣውንም ቤተሰቡ በላው። በዘመናችን ቢሆን ኖሮ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይመለስ ነበር፤ እኔ ግን በዚያ በችግር ዘመን በእናቱ ድስት ውስጥ መግባቱ የሚያሳፍር ሆኖ አልታየኝም።

እኛ አገር ባስ የለም እንጂ ጥያቄው አለ። ቆሮሶ በኩሬ ሲረባ በጥቂት ወር ውስጥ፥ ገና የእጅ መዳፍ ሳይሞላ፥ መውለድ ይጀምራል፤ እናት ዕንቍላሏን በአፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፥ ልጆቿም አደጋ ሲመጣ ወደ አፏ ተመልሰው ይሸሸጋሉ። ከፍጥረት ርኅራኄ ይህን የሚያህል ማየት ያስቸግራል። ነገር ግን ኩሬውን የሚያጠፋው ይኸው ርኅራኄ ነው፤ ብዙ ስለሚተርፉ ሁሉም ይቀጭጫሉ። ገበሬው የሚያድነው አምባዛ በመጨመር ነው፤ አምባዛውም ትናንሾቹን እየዋጠ ለቀሩት ቦታና ምግብ ያስገኛል። የሚሸሽገው አፍ ኩሬውን ሲጐዳ የሚውጠው አፍ ሲጠቅመው ባየሁ ጊዜ፥ የፈጣሪን ቸርነት ከሚውጡት ፍጥረታት ጋራ ማስታረቅ አይቻልም የሚሉት ሰዎች ሙግት ከፊሉ ይዳከምብኛል፤ ከፊሉን እላለሁ፥ ምክንያቱም የተዋጠችው ዓሣ ብትጠየቅ መልሷ ሌላ ነው፥ እኔም የእርሷን ወገን ለመርሳት አልፈቅድም።

ስለ ትልቅ ውኃ ይቅር ባይነት የተናገርሁትን ግን ያለ ወሰን የተናገርሁ እንዳይመስል የጓቴማላውን የአቲትላን ሐይቅ ማንሣት ይገባኛል። ሐይቁ 130 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋትና ከ300 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፤ በዳርቻውም ፖክ የሚባል፥ ከዚያ ሐይቅ በቀር በዓለም የማይገኝ፥ መብረር የማይችል የውኃ ወፍ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958ና በ1960 አጥማጅ ቱሪስቶችን ለመሳብ ባስ ተጨመረበት። ባሱ ወፉ የሚመገባቸውን ትናንሽ ዓሦችና ሸርጣኖች ፈጃቸው፤ 200 ያህል የነበረው የወፍ ቍጥር በ1965 ወደ 80 ወረደ፤ አን ላባስቲል የተባለች አሜሪካዊት የተፈጥሮ ተመራማሪ ብዙ ደከመችለት፥ ነገር ግን የቄጠማው መታጨድና በ1976 የመጣው የመሬት መንቀጥቀጥ የሐይቁን ውኃ ማጕደሉ ተጨምሮበት፥ በ1980ዎቹ መጨረሻ ፖክ ከምድር ጠፋ። ባሱ በዚያ ሐይቅ ደልቶት ነበር። የአንዱ ፍጥረት መልካም ኑሮ ብቻውን የሥራችን ጽድቅ መመዘኛ ሊሆን እንደማይችል ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አላውቅም፤ ባስልዮስ ስለ ወሰን የተናገረውም እዚህ ላይ ክብደቱ ይታወቃል።

ወደ ጓሮው ኩሬ ስንመለስ፥ ውኃው ከሩብ ኤከር ያነሰ ለሆነ ሰው በአሜሪካ የሚሰጠው ምክር ባስን ትቶ የአምባዛችን ዘመድ የሆነውን ካትፊሽ እንዲጨምር ነው። ካትፊሽ ዋሻ መሰል ጕድጓድ ካላገኘ በኩሬ ውስጥ እምብዛም አይራባም፤ በእጅ የተበተነለትን መኖ ይበላል፤ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት አድጎ ለምግብ ይወጣል፤ ሲያልቅም እንደ ገና ግልገል ተገዝቶ ይጨመራል። የባስ ኩሬ ያለው ሰው በጓሮው የተፈጥሮን ዱር የያዘ እየመሰለው ብዙ ጊዜ ራሱን ያታልላል፤ የካትፊሽ ኩሬ ያለው ግን ከብት እንደሚያረባ ሰው ምን እንደሚያደርግ ዐውቆ ያደርገዋል፤ ያበላል፥ ያርዳል፥ ይበላል፥ የገዛውንም ግልገል ቍጥር በደብተር ይጽፋል። በጣም ትንሽ ውኃ ይዞ ምክር ለሚጠይቀኝ ሰው እኔም የምመልሰው ይህንኑ ነው። ባስ ካልሆነ አልወድም የሚል ከሆነ ግን፥ ጥቂቶችን ብቻ ይጨምር፥ ውኃውን በሞቃቱ ወራት ሌሊት በአየር መንፊያ ያናፍስለት፥ በየጸደዩ ከትናንሾቹ የሚወጣውን ልክ አስቀድሞ ይወስን፤ የወጣውንም ያለ ሐፍረት ጠብሶ ይብላው።